ለጋምጎል አንድ ቆጣሪ ብቻ

በእኛ አገር ሴት የምትከበረው በራሷ ዕድሜ ሳይሆን ባገባችው ወንድ ዕድሜ ነው። ሕጉን ማን እንዳወጣው አላውቅም፤ ማን እንደተጎዳበት ግን አውቃለሁ። ማ ቦንግሱን፣ ማ የቤተሰብ ስሟ ነው፣ ሃምሳ አራት ዓመቷ ነው፤ ሶልሂ አርባ ስድስት። የሁለት ወንድማማቾች ሚስቶች ናቸው። ቦንግሱን ታናሹን ስላገባች የታላቁን ሚስት «እትዬ» እና «እርስዎ» ማለት አለባት። ሶልሂ ደግሞ በስምንት ዓመት የምትበልጣትን ሴት «አንቺ» ትላታለች። በመንደራችን በጋምጎል ይህ ማንንም አይደንቅም። እኔን ግን ይደንቀኛል፣ ያናድደኛልም፤ ስለዚህ እጽፈዋለሁ።

ይህ ብቻ ቢሆን ኖሮ የብዙ ቤት ጣጣ ነው ብዬ አልፈው ነበር። የቦንግሱን ግን ከዚህ ይብሳል። ታላቁ ወንድም ሳያገባ ከተማ ለከተማ ሲንከራተት ስለቆየ፣ ስድስት ዓመት ሙሉ የዚያ ትልቅ ቤት ብቸኛ ምራት እሷ ነበረች። የአማቷን ወገብ የምታሸው እሷ፣ ለሟች አያቶች የሚቀርበውን ማዕድ የምታሰናዳው እሷ፣ የጎተራው ቁልፍ ያለው እሷ ጉያ ውስጥ። ከዚያ በአንድ የመኸር በዓል ዋዜማ ሶልሂ መጣች። ነጭ ሽንኩርት እንኳ ስትልጥ ጣቷን የምትቆርጥ ልጅ። አማትየዋ ቁልፉን ከቦንግሱን ተቀብለው ለሶልሂ ሰጧት፤ ቦንግሱንን «አንቺ ወደ በሩ ጠጋ በይ» አሏት። ወለሉ የሚሞቀው በምድጃው በኩል ነው፤ በበሩ በኩል ብርድ ይገባል። ቦንግሱን ዘንቢሏን እየጎተተች ወደ ብርዱ ተጠጋች። «ያን ቀን ሆዴ ውስጥ አንድ ነገር ተቀመጠ፤ ከዚያ ወዲህ አልተነሳም» ብላኛለች።

ቅናት ነው። ሰው ቅናት ሲል እንደ በሽታ አድርጎ ነው፤ ሴትየዋን ይኮንንና ያስቀናትን ነገር ሳያይ ያልፋል። እኔ ሁለቱንም አይቻለሁ። ቦንግሱን ሶልሂ ጸጉሯን መቼ እንዳስጠቀለለች ታውቃለች። አዲስ ጫማ ስትገዛ ዋጋውን ሳትጠይቅ ትገምታለች። ሶልሂ ስታስል አማትየዋ ፒር የሚባለውን ፍሬ በማር ይቀቅሉላታል፤ ቦንግሱን ስታስል «አፍሽን ሸፍኚ» ይሏታል። ይህን ስትነግረኝ ትስቃለች፤ ዓይኗ ግን አይስቅም።

በየመኸሩ ደግሞ ጋም አለ። መንደራችን ስሙን ያገኘው ከዚህ ፍሬ ነው። ቲማቲም ይመስላል፤ ተልጦ በገመድ ከጣራ ላይ ይንጠለጠልና ሲደርቅ እንደ ማር ይጣፍጣል። የትልቁ ቤት፣ ታላቁ ወንድም ከእናቱ ጋር የሚኖርበት ቤት፣ የጋም እርሻ በጋምጎል ካሉት ሁሉ ይበልጣል። ቦንግሱን ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ኅዳር ከንጋት እስከ ምሽት እዚያ ማድረቂያው ሥር ተቀምጣ ትልጣለች፤ ጣቶቿ በፍሬው ጭማቂ ጠቁረው እስከ ጥር አይለቁም። ከቬትናም የመጡት የቀን ሠራተኞች ማታ ማታ ይከፈላቸዋል። የእነሱንም ምሳ የምታበስለው ቦንግሱን ናት፤ ለእሷ ግን ክፍያ የለም፤ ቤተሰብ ናታ።

በነሐሴ የመንደሩ ሹም በድምፅ ማጉያው አስነገረ። በኅዳር የሕዝብና የቤት ቆጠራ ይደረጋል፤ መንግሥት ጊዜያዊ ሠራተኞች ይቀጥራል፤ ለየመንደሩ አንድ ቆጣሪ ብቻ፤ የቃል ፈተና በቀበሌው ጽሕፈት ቤት። ቦንግሱን በርበሬ ማሳ ውስጥ ጎንበስ ብላ ነበር፤ ቀና አለች። ትዝ ያላት ያለፈው ቆጠራ ነው። ያን ጊዜ አንዲት ሴት አንገቷ ላይ ፎቶዋና ስሟ ያለበት መታወቂያ አንጠልጥላ ወደ ትልቁ ቤት መጣች፤ አማትየዋ ብድግ ብለው መከዳ አቀረቡላት። «አማቴ ለሴት ሲነሱ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው» ትላለች ቦንግሱን። ይህን ነበር የፈለገችው። ክፍያውንም አልጠላችውም፤ በራሷ ስም በተከፈተ ሒሳብ የሚገባ ነውና። ዋናው ግን በየበሩ ስትቆም ሰው እንዲነሳላት ነበር። መንደሩ ውስጥ ስሟን የሚጠራ የለም፤ «የሀራም እናት» ነው የምትባለው። ልጇ ሀራም ወደ ከተማ ከሄደች ዓመታት አልፈዋል፤ እናቲቱ ግን አሁንም የእሷ እናት ብቻ ናት።

ቆጠራው በታብሌት ነው ስለተባለ፣ ልጇ ትታው የሄደችውን አሮጌ ታብሌት አውጥታ መለማመድ ጀመረች። በመላጥ የደነደነው ጣቷ መስታወቱን አልነካ ይላል። በአውራ ጣቷ ሞከረች፤ እምቢ አለ። በትንሿ ጣቷ ሲሆን እሺ አለ። ምሽቱን ሁሉ በትንሿ ጣቷ የራሷን ቤት እየቆጠረች ታድር ጀመር።

ማንም እንዳይሰማ ባሏን ጂንቴክን አስጠንቅቃው ነበር። ጂንቴክ ግን የሩዝ ጠላ ሁለት ጣሳ ሲጠጣ ሆዱ የሚከፈት ሰው ነው። ለወንድሙ ነገረው። ወንድሙ ለሚስቱ። እነዚህ ወንዶች ጋም አይሸከሙም፤ ወሬ ግን ሲሸከሙ አይደክማቸውም።

በመኸሩ በዓል ዋዜማ ሁለቱ ሴቶች ወጥ ቤት ጎን ለጎን ተቀምጠው በዱቄትና በእንቁላል የተለወሰ ዓሣ ይጠብሱ ነበር። ሶልሂ እንደ ቀላል ነገር፣ ዓሣውን እየገለበጠች፣ «እኔም ለቆጠራው ተመዝግቤአለሁ፤ ካልከፋሽ» አለች።

«ለምን ይከፋኛል እትዬ» አለች ቦንግሱን። ዓሣው አረረ። አማትየዋ ሲጮሁባት ሰማች፤ ጩኸቱ ግን ከሩቅ የሚመጣ ይመስላት ነበር። ሁሉ ያላት ሴት፣ መኪና ያላት፣ ሞቃቱን ወለል የያዘች ሴት፣ ይህችን አንዲት ትንሽ ነገር ለምን ፈለገች? አንድ መልስ ብቻ ነበራት፤ እኔ ስለፈለግሁት ነው የሚል።

በፈተናው ዕለት ሁለቱ ባሎች በአንድ መኪና ይዘዋቸው ሄዱ። ቤንዚን መቆጠብ ነዋ። ወንዶቹ መኪናው ውስጥ የቤዝቦል ጨዋታ እያዳመጡ ቀሩ፤ ሴቶቹ ወደ ሁለተኛው ፎቅ ወጡ። ከጋምጎል የተመዘገቡት ሁለቱ ብቻ ስለሆኑ አብረው ገቡ። ፈታኞቹ የቡድን መሪዋ ወይዘሮ ታክ እና ኮምፒዩተር ላይ የሚጽፍ አንድ ወጣት ፀሐፊ ነበሩ። ጠረጴዛው ላይ ቡና የተጠጣባቸው የወረቀት ኩባያዎች ተዘርግፈዋል።

መጀመሪያ ነገሩ ለቦንግሱን ቀናላት። መጓጓዣ አላችሁ ወይ ሲባል ሶልሂ መኪና አለኝ አለች፤ ቦንግሱን ጋምጎል ውስጥ መኪና የማይገባባቸው ቤቶች ስለሚበዙ በእግሬ እሄዳለሁ አለች። ወይዘሮ ታክ በመስማማት ራሷን ነቀነቀች። ውሻ ቢያባርራችሁስ ሲባል ቦንግሱን የጋምጎል ውሾች ሁሉ ያውቁኛል ብላ ፀሐፊውን አሳቀችው። ወዲያው ሶልሂ አፏን በእጇ ሸፈን አድርጋ፣ እሷን እንኳን ውሻው ዶሮውም ያውቃታል ስትል ሳቁ ደመቀ። ሳቁ የማን ነበር? የቦንግሱን ነበር፤ ሲያልቅ ግን የሶልሂ ሆነ። ይህን የነገረችኝ ከወራት በኋላ ነው፤ አሁንም ጥርሷን እየነከሰች።

ከዚያ ወይዘሮ ታክ፣ አሁን በተግባር እንየው አለች። አንደኛዋ የቤት ባለቤት፣ ሌላዋ ቆጣሪ ትሁን፤ ባለቤቲቱ ሰው አላስገባም የምትል ክፉ ሴት ትሁን። ሶልሂን ባለቤት፣ ቦንግሱንን ቆጣሪ አደረገቻቸው።

ቦንግሱን ጠረጴዛውን አንኳኳች። ማ ቦንግሱን እንደምትባል፣ ከሕዝብ ቆጠራ እንደመጣች፣ ጥቂት ጥያቄ እንዳላት ተናገረች። የራሷን ስም ጮክ ብላ ስትናገር ጆሮዋ ደስ አለው።

ሶልሂ ክፉ ሴት መሆን አልከበዳትም፤ ቤቷ ውስጥ እንደምትናገረው ተናገረች። ቀና ብላ እንኳ አላየቻትም።

«አሁን እንግዳ አለብኝ። ዕቃው እንዳለ ተከምሯል፤ ማን ሊያጥበው ነው?»

«እሺ እትዬ» አለች ቦንግሱን።

ተነሳች። ከፈታኞቹ ፊት ኩባያዎቹን አንድ በአንድ ሰብስባ፣ የፈሰሰውን ቡና በእጇ ጀርባ ጠርጋ፣ ወጣች። ኮሪደሩ ላይ ያለውን ቧንቧ ከፍታ፣ የሚጣሉትን የወረቀት ኩባያዎች እያጠበች ሳለ ፀሐፊው ከኋላዋ መጣ።

«እመቤት» አላት፤ «ፈተናው እኮ አላለቀም።»

ውሃውን እንዴት እንደዘጋችው አታስታውስም። ስትመለስ ወይዘሮ ታክ ከንፈሯን ነክሳ ነበር። ሶልሂ አልሳቀችም፤ ወለሉን ታይ ነበር። «ብትስቅ ይሻለኝ ነበር» አለችኝ ቦንግሱን። «አዘነችልኝ። እሷ ለእኔ።»

እዚህ ላይ ቆም ልበል። ይህን ታሪክ ስናገር የሚስቁ ሰዎች አሉ። ያችን ሴት ኩባያ ያሳጠባት ምን እንደሆነ የሚጠይቅ ግን አላገኘሁም። አንድ ቃል ስትሰማ እግሯ ሳታዝዘው የሚነሳው ሃያ ዓመት ሙሉ ስላስነሱት ነው። ፈረስ እንኳ እንዲህ አይገራም።

ወይዘሮ ታክ ደግ ሴት ስለሆነች ይሁን የፈተናው ደንብ ስለሚያዝ፣ አሁን ተቀያየሩ አለች። ሶልሂ ቆጣሪ ሆነች። ቦንግሱን ባለቤት፤ እጆቿ እንደረጠቡ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች።

«ጤና ይስጥልኝ እመቤት» አለች ሶልሂ ጎንበስ ብላ። «ከሕዝብ ቆጠራ ነው የመጣሁት።»

«ጫማሽን አውልቂና ግቢ» አለቻት ቦንግሱን። ጨዋታ ነው፤ በጨዋታ «አንቺ» ማለት ይፈቀዳል። ቃሉ ምላሷ ላይ ሞቀ። «ቶሎ በይ፤ ሥራ አለብኝ።»

«ባለፈው ሳምንት ለአንድ ሰዓት እንኳ ቢሆን ሥራ ሠርተዋል?»

«ከንጋት እስከ ማታ።»

«በክፍያ?»

«በነጻ።»

«የማን እርሻ ላይ?»

«የባሌ ታላቅ ወንድም ጋም ላይ። ሚስቱ ሞቃቱ ክፍል ተቀምጣ ካርቶን ላይ ሪባን ታስራለች፤ እኔ ውጭ ቁር ውስጥ እልጣለሁ። ምን ታይኛለሽ? ጻፊ እንጂ።»

የፀሐፊው ጣቶች ከኮምፒዩተሩ ላይ ቆሙ። ሶልሂ በልምምዱ ቅጽ ላይ ጻፈች።

«‹ደሞዝ የሌለው የቤተሰብ ሠራተኛ› በሚለው ውስጥ ነው የሚገቡት፣ እመቤት።»

«ቤተሰብ የሚለውን ሰርዢው።»

«መሰረዝ አይቻልም። ምርጫው እንዲሁ ነው የመጣው።» ከዚያ ሶልሂ ብዕሩን አስቀመጠች፤ ድምፅዋ ግን የቆጣሪ ድምፅ እንደሆነ ቀረ። «እኔም ስጠየቅ የምገባው እዚሁ ውስጥ ነው። መሬቱ በባሌ ስም ነው፤ ሽያጩም እሱ ዘንድ ይገባል። ሪባኑን የማስረው በነጻ ነው። ለጸጉሬ እንኳ እጄን ዘርግቼ ነው የምለምነው። እዚህ የመጣሁት ለዚያ ነው።»

ወይዘሮ ታክ መነጽሯን አውልቃ ጠረገች። ቦንግሱን ያየችው ይህን ነው፤ መነጽሩን። የክፍሉ ሐዘን ሁሉ፣ ያ ለእሷ የነበረው ሐዘን፣ ተነስቶ ወደ ሶልሂ ሲሄድ አየችው።

«ቁልፉን ወሰደች፤ ወለሉን ወሰደች» አለችኝ። «በደሌን እንኳ ተወችልኝ ብዬ ነበር። እሱንም ወሰደችው።»

እውነቷን እኮ ነው አልኳት። ሶልሂም ምንም የላትም።

«እውነት ስለሆነ ነው የሚያቃጥለኝ» አለችኝ። «ውሸት ብትናገር እጠላትና ዐርፍ ነበር።»

ሲመለሱ መኪናው ውስጥ ቤዝቦሉ ይጮህ ነበር። ጂንቴክ፣ ጨዋታው ሲያልቅ ዞር ብሎ፣ ታዲያ ማን አሸነፈ አለ። ሁለቱም ሴቶች በየመስኮታቸው ውጭ ውጭውን አዩ። ሁለቱ ወንድማማቾች ስለ ጨዋታው ተከራከሩ።

መልሱ በስልክ መልእክት መጣ። ለጋምጎል የተመረጠችው ሶልሂ ናት፤ ቦንግሱን ተጠባባቂ። ተጠባባቂ ማለት ሶልሂ ብትሞት ወይም ብትታመም የምትተካ ማለት ነው። ቦንግሱን ያን ሳምንት የሶልሂን ሳል በጆሮዋ ስትጠብቅ ራሷን አገኘችው። አላሳለችም።

እዚህ ቢያበቃ ኖሮ ቅናት ብቻ ይሆን ነበር። ነገር ግን ጥቅምት ሲያልቅ ጋሙ ደረሰ፤ ቆጠራውም ደረሰ። አማትየዋ ቦንግሱንን አስጠሯት። ትልቁ ቤት ግቢ ውስጥ ከሶልሂ በቀር ሁሉም ነበሩ፤ ሁለቱ ወንድማማቾች ገመድ ይፈታሉ፣ የቬትናም ሴቶች ሣጥን ያወርዳሉ።

«እትዬሽ ከነገ ጀምሮ የመንግሥት ሥራ ላይ ናት» አሉ አማትየዋ። «ካርቶኑንም ሪባኑንም አንቺ ትይዣለሽ። ከመላጡ ስትነሺ ማታ ማታ ትሠሪዋለሽ።»

ነገሩን ተመልከቱት። ሥራውን የተነጠቀችው ቦንግሱን፣ ሥራውን የነጠቀቻትን ሴት ሥራ ልትሠራ ነው። ያም በነጻ። የሆነውን የነገሩኝ እዚያ የነበሩ ሰዎች ናቸው። ቦንግሱን ወደ በረንዳው አልወጣችም፤ ጫማዋን አላወለቀችም። እዚያው ግቢው መሃል ቆመች።

«እመጣለሁ፣ እማማ» አለች። «እንደ ሠራተኛ እመጣለሁ። ለእነዚህ እህቶች የሚከፈለው ለእኔም ማታ ማታ ይከፈለኝ። ምሳም ሌላ ሰው ያብስል። ካልሆነ አልመጣም።»

«ከቤተሰብ ላይ ደሞዝ?» አሉ አማትየዋ። አልተቆጡም፤ ነገሩ አልገባቸውም። ጂንቴክ ፊቱ ቀልቶ፣ አንቺ ሴትዮ አብደሻል እንዴ እያለ ቀረብ አለ። ታላቁ ወንድም ጉሮሮውን ጠረገና ጣራውን አየ።

የዚህን ጊዜ ሶልሂ ከቤት ወጣች። የቆጣሪ ሰደሪያ ለብሳለች፤ መታወቂያው አንገቷ ላይ ነው። ሁሉንም ሰምታለች።

«ይከፈላት» አለች ለባሏ። «ካልተከፈላት እኔም ነገ አልወጣም፤ እዚሁ ተቀምጬ እልጣለሁ። ጋምጎል ሳይቆጠር የቀረው ለምን እንደሆነ ለጽሕፈት ቤቱ አንተ ታስረዳለህ።»

ሰውየው ጽሕፈት ቤት ሄዶ ከማስረዳት መክፈል ይቀለዋል። ይሁን አለ። ነገሩ በአንድ ቃል አለቀ። ለሃያ ዓመት ያልተቻለው በአንድ ቃል አለቀ፤ ተናጋሪዋ ግን ሶልሂ ነበረች። ቦንግሱን ለሶልሂ ወገቧን ሰበር አድርጋ አመሰገነች፤ ሥርዓት ነው። ስትነሳ ጆሮዋ እስከ ጫፉ ቀልቶ ነበር። ደሞዟን አገኘች፤ ሰጪዋን ግን ማየት አልቻለችም።

ቆጠራው ተጀመረ፤ እኔም ያን ሰሞን እንደ ጎረቤት ጋም ልላጥላቸው እመጣ ነበር። ቦንግሱን ከቬትናም ሴቶች ጋር ተሰልፋ ትልጣለች፤ ምሳ ሲደርስ ከእነሱ ጋር ተቀምጣ ሌላ ሰው ያበሰለውን ትበላለች። ሶልሂ በምሳ ሰዓት ትመጣና የየቤቱን ወሬ ታወራለች። በየትኛው ቤት የሩዝ ኬክ ሰጧት፣ የትኛው ሽማግሌ ያላገባ ልጁን ሲያስቆጥር አለቀሰ። አማትየዋ ለማዳመጥ ጠጋ ይላሉ። ሠራተኞቹ እንኳ ማኘካቸውን ያቆማሉ። ቦንግሱን ብቻ ጎመኗን እያኘከች ታች ታቹን ታያለች። ያ ሁሉ ወሬ የእሷ ሊሆን ይችል ነበር። እሷ ብትሆን የተሻለ ታወራው ነበር። ይህን እኔም አምናለሁ።

አንድ ቤት ብቻ ቀረ። ከላይ ኮረብታው ጫፍ ላይ ብቻቸውን የሚኖሩ አንዲት አሮጊት ለሶልሂ በር አልከፍት አሉ። ሶልሂ ሁለት ጊዜ ወጣች፤ አልከፈቱም። ሦስተኛ ወጣች፤ ውስጥ ሆነው ሲያስሉ ሰማች፤ አልከፈቱም። አንድ ሰው ሳይቆጠር ከቀረ ሥራዋ ጎደሎ ነው፤ ለወይዘሮ ታክ መልስ መስጠት አለባት። ምሳ ሰዓት ላይ ይህን ስትናገር ድምፅዋ ሰለል ብሎ ነበር። እንዲህ ተጨንቃ ያየናት የመጀመሪያ ጊዜ ነው።

ቦንግሱን አሮጊቷን ታውቃቸዋለች። ከተወለደችበት መንደር፣ ከወንዝ ማዶ የመጡ ሴት ናቸው። በፊት ለፊቱ በር ለማንም አይከፍቱም፤ ባላቸው የሞተበት በር ነው ብለው ዘግተውታል። በጓሮ በኩል፣ የተብላላ ጎመን በሚቀመጥባቸው የኪምቺ ጋኖች መሃል ገብተሽ የወጥ ቤቱን መስኮት ካንኳኳሽ ግን እጅሽን ይዘው ነው የሚያስገቡሽ። ሶልሂ ሞቃቱ ክፍል ተቀምጣ ስለኖረች ይህን አታውቅም።

«ከላይ ያሉት እናት አሁንም አልከፈቱልዎም፣ እትዬ?» አለች ቦንግሱን። እኔ በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

«አልከፈቱልኝም» አለች ሶልሂ። «ምን ባደርግ ይሻላል ትያለሽ?»

ሁላችንም ቦንግሱንን አየናት። ጋሙን በግራ እጇ እያዞረች፣ ልጣጩን በአንድ ረጅም ክር ሳይበጠስ እያወረደች፣ ቆየች። የምትናገር መሰለኝ። አፏን ከፈት አደረገች።

«እንጃ» አለች። «ምናልባት ነገ።»

ሶልሂ ጃንጥላዋን ይዛ ተነሳች። ዝናብ ጀምሮ ነበር፤ ኮረብታው ያዳልጣል። ቦንግሱን ሰደሪያው በዛፎቹ መሃል እስኪጠፋ ድረስ ከማድረቂያው ሥር ሆና በዓይኗ ተከተለችው፤ ከዚያ ሣጥኑ ውስጥ እጇን ሰድዳ ሌላ ጋም አነሳች።